ከችግኙ በፊት ማገዶው

ክረምት በገባ ቁጥር የመካነ ኢየሱስ መዘምራን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና የመስጊድ ጀመዓ ልጆች ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ችግኝ ሲተክሉ ማየት የምንመኝ ብዙዎች ነን። ነገር ግን «የተለያየ እምነት ያላቸው ወጣቶች አብረው ከተከሉ ሰላም ይመጣል» የሚለው ሐሳብ ሌላ ቦታ ቢሠራም ለጋምቤላ እንዳለ አይሆንም። ምክንያቱን ላስረዳ።

እዚህ ሰው የሚጣላው በሃይማኖት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከክልሉ ነዋሪ 70 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። ኦርቶዶክሱ 17 በመቶ፣ ሙስሊሙ 5 በመቶ ገደማ ሲሆን ካቶሊኩና የአባቶቹን እምነት የያዘው ከዚያ ያንሳል። ከክልሉ ብሔረሰቦች ኑዌሩም አኝዋውም አብዛኛው የሚሰማው አንድ ወንጌል ነው፤ የሚዘምርበት ቋንቋና የሚሰበሰብበት አጥቢያ ግን ብዙ ጊዜ ይለያያል። ስለዚህ ቄስ፣ ፓስተርና ሼህ አንድ መድረክ ላይ ተቀምጠው ስለ መቻቻል ሲናገሩ እውነት ይናገራሉ፤ የሚያመው ቦታ ላይ ግን አይደርሱም። የሚያመው አንድ መጽሐፍ ቅዱስ በሚያነቡ ሁለት ወጣቶች መካከል ነው።

የሥልጣን ክፍፍሉ፣ የጦር መሣሪያውና የድንበሩ ጣጣ እንዳለ ሆኖ፣ ጠቡን በየዓመቱ የሚቀሰቅሰው ውሃ፣ ሣር፣ መሬትና እንጨት ነው። አኝዋው የባሮን፣ የአልዌሮንና የጊሎን ወንዞች ተከትሎ በቆሎና ማሽላ ያርሳል። ኑዌሩ ከብት አርቢ ነው፤ በጋው ሲጠና መንጋውን ወደ ወንዝ ዳር ያወርዳል። ሁለቱም የሚሹት ያንኑ ዳርቻ ነው። በ2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ስደተኛው ጎረፈ፤ ቲርኪዲ፣ ኩሌ፣ ጄዊና ንጉኒየል የተባሉ የስደተኛ ካምፖች ተከፈቱ። ዛሬ ክልሉ ከ300 ሺህ በላይ ስደተኛ ያስጠልላል። በ1999ኙ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ ጠቅላላ 307 ሺህ ገደማ እንደነበር አስቡት።

ይህ ሁሉ ሰው በየቀኑ ያበስላል። እህሉ ይታደላል፣ ማገዶው ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከጫካ ነው። ስደተኛዋ እናት እንጨት ፍለጋ ከዓመት ዓመት እየራቀች ትሄዳለች፤ ነባሩ ነዋሪ በበኩሉ ጫካው ሲሳሳ ያያል። ጫካ ውስጥ ሲገናኙ ሴቶች ይደበደባሉ፣ ይደፈራሉ፣ የሰው ሕይወት ይጠፋል። ከዚያም በቀሉ ምንም ያላደረገ ሰው ቤት ድረስ ይሄዳል። ለዚህ ነው ጋምቤላ ላይ የአካባቢ ጥበቃን አንድ ክበብ፣ ሰላምን ሌላ ክበብ አድርገን ስንከፍላቸው የምቃወመው።

ወደ ምሥራቅ፣ መዠንግር ዞን ስንሄድም ነገሩ ያው ነው። የመዠንግር ሰው የሚኖረው ከደኑ ጋር ነው፤ ቀፎውን ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል፣ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤቱም ይታወቃል። ለሻይና ለቡና እርሻ ደኑ ሲመነጠር፣ ከደጋ የመጣው ሰፋሪም እየበዛ ሲሄድ የመሬቱ ቅሬታ ተጠራቀመ፤ በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ሜጢና አካባቢው ላይ ሰው ተገደለ፣ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቀለ። ሰፋሪው ውስጥ ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ ፕሮቴስታንትም ነበር። ከዚያ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከ233 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሆነውን የመዠንግር ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዘገበው። ምዝገባው ትልቅ ነገር ነው፤ ደኑ ዳር የሚኖሩት ወጣቶች ካልተስማሙ ግን ወረቀቱ ብቻውን ዛፍ አይጠብቅም።

ታዲያ እምነት ምን ይጠቅማል? እኔ ብዙ ይጠቅማል እላለሁ። ሙስሊሙ ወጣት የተከለውን ዛፍ ፍሬ ወፍ ቢበላው እንኳ ሰደቃ እንደሚሆንለት ተምሯል፤ ዉዱእ ሲያደርግ፣ በሚፈስ ወንዝ ዳር ቢሆንም፣ ውሃ እንዳያባክን ተነግሮታል። ባሮ ዳር ላደገ ልጅ ይህ ትምህርት ሩቅ አይደለም። ኦርቶዶክሱ ደቡብ ጎንደር ላይ በዙሪያው ያለው ሁሉ ሲራቆት በአጥር ግቢው ውስጥ የተረፈውን የቤተ ክርስቲያን ደን መጥቀስ ይችላል። ካቶሊኩ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስን የ2007 ዓ.ም. መልእክት ይዟል፤ መልእክቱ የድሃውንና የምድርን ጩኸት ለይቶ አያይም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የኑዌር የቀድሞ ሥርዓት ነው። የነብር ቆዳ የሚለብሰው አስታራቂ ሥልጣኑ የሚመነጨው ከምድር ጋር ካለው ቁርኝት ነው። ነፍስ ያጠፋ ሰው ሮጦ እሱ ቤት ይጠለላል፤ እሱም በሁለቱ ወገን መካከል እየተመላለሰ የደም ካሣውን ከብት ያስማማል። ማንንም ማስገደድ አይችልም፤ የሚሰሙት ስለሚያከብሩት ነው። አንዳንድ ወጣት አማኞች ይህን «የድሮ ነገር» ብለው ሲያጣጥሉት አዝናለሁ። ማምለኩን ትተው ዕርቁን መማር ይችላሉ።

አርአያ የሚሆንም በቅርብ አለ። ጋምቤላ ከተማ ባለው የአንግሊካን የቅዱስ ፍሬምናጦስ ኮሌጅ ኑዌርና አኝዋ ተማሪዎች አብረው ይማራሉ። የሁለቱ ወገን ልጆች አብረው መዋል እንደሚችሉ ለሚጠራጠር ይህን ማሳየት ይበቃል።

እንግዲህ ለወጣት ማኅበራቱ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ኅዳር ገብቶ ሣሩ ሳይደርቅ፣ ኢታንግ ወረዳ ላይ የኑዌርኛና የአኝዋኛ አጥቢያ ወጣቶች ከስደተኛ ካምፕ ወጣቶች ጋር ይቀመጡ። ሴቶቹ እንጨት የሚለቅሙት በየትኛው ቀንና በየት በኩል እንደሆነ፣ ከሁለቱም ወገን ማን አብሯቸው እንደሚሄድ፣ እርጥብ ዛፍ የሚቆርጥ ሲገኝ ጉዳዩን የትኞቹ ሽማግሌዎች እንደሚያዩት ይወስኑ። ሙስሊሞቹና ኦርቶዶክሶቹ ወጣቶች ቆጣቢ ምድጃ በማዳረሱና ለማገዶ የሚሆን ቶሎ የሚያድግ ዛፍ በማፍላቱ ይግቡ። ከእነሱ ብዙዎቹ ከደጋ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ስለሆኑ ግን «እኛ ገለልተኛ ነን» ብለው አይግቡ፤ ታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ከደጋ የመጡ ሰዎችም ተሳትፈውበት አኝዋዎች የተገደሉበትን ቀን የሟቾቹ ቤተሰቦች አልረሱትም። መጀመሪያ ይስሙ። ችግኙን ከዚያ በኋላ ለክረምት እናድርሰው፤ የሚተከልበትን ቦታም በጋውን ሙሉ ውሃ ማጠጣት የሚችሉት የአካባቢው ሰዎች ይምረጡት።