«አልተመረጡም»፦ የአብራሪነት ቃለ መጠይቅ ሕመምና ትርጉሙ

ለአየር መንገድ አብራሪነት የሚወዳደር ሰው ፈታኞች ፊት የሚቀርበው ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው። የበረራ ትምህርቱ ውድ ነው፤ የበረራ ሰዓቱ ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ነው፤ የጽሑፍ ፈተናው፣ የሲሙሌተር ምዘናውና የጤና ምርመራው እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ወንፊቶች ናቸው። ይህን ሁሉ አልፎ ቃለ መጠይቁን ካደረገ በኋላ «ስላመለከቱ እናመሰግናለን፤ ሆኖም በዚህ ዙር አልተመረጡም» የሚል አጭር ኢሜይል ሲደርሰው ቅስሙ ቢሰበር የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው ሕመሙ ምን ያህል እውነተኛ እንደሆነ፣ ስለ ሰውየው ችሎታ የሚናገረውም ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ነው። ከውድቀቱ በደህና የሚነሣው እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ የሚያይ ሰው ነው።

መገፋት ለምን ያማል?

እ.ኤ.አ. በ2003 ናኦሚ አይዘንበርገር፣ ማቲው ሊበርማንና ኪፕሊንግ ዊሊያምስ በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ አንድ ሙከራ አሳተሙ። ተሳታፊዎቹ ኤም.አር.አይ. ማሽን ውስጥ ተኝተው፣ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በኮምፒውተር ኳስ የሚቀባበሉ መስሏቸው ይጫወታሉ። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱ ኳሷን እርስ በርስ ብቻ ይቀባበላሉ፤ ሦስተኛው ተመልካች ሆኖ ይቀራል። በዚያን ጊዜ አንቴሪየር ሲንጉሌት ኮርቴክስ የሚባለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴው ጨመረ። ይህ ክፍል አካላዊ ሕመም ሲሰማን ከሚነቁት አንዱ ነው። «በጣም ከፍቶኛል» ያሉት ተሳታፊዎች ላይ ደግሞ እንቅስቃሴው የበለጠ ነበር።

በኋላ የመጡ ጥናቶች ይህን ግኝት አጥርተውታል። በ2014 የታተመ ሥራ እንዳሳየው የሰውነት ሕመምና የመገፋት ስሜት ተቀራራቢ የአንጎል ክፍሎችን ቢነኩም በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ የሚተዉት አሻራ የተለያየ ነው። ስለዚህ እጅ መቃጠልና ከሥራ ውድድር መውደቅ አንድ ናቸው ማለት አይደለም። የሚያሳየው አንጎል ሁለቱንም እንደ አደጋ ምልክት አክብዶ እንደሚይዛቸው ነው። ለዚህም በቂ ምክንያት አለው፦ የሰው ልጅ በታሪኩ አብዛኛው ዘመን በቡድን አድኖ፣ በቡድን ተከላክሎ የኖረ ፍጡር ነው፤ ከቡድኑ መገለል ሕይወትን ሊያሳጣ ይችል ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው በ2004 የታየው ውጤት ነው። ዊሊያምስና ባልደረቦቹ ለተሳታፊዎቹ «ኳሷን የሚቀባበሉት ሰዎች አይደሉም፤ ኮምፒውተር ነው» ብለው አስቀድመው ነገሯቸው። እነርሱም ቢሆኑ ኳሷ ስትነፈጋቸው ከፋቸው፤ ለራሳቸው የሚሰጡት ግምትም ወረደ። ሕመሙ የሚቀሰቀሰው «ማን ነው የገፋኝ? ፍርዱስ ልክ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከመመለሱ በፊት ነው ማለት ነው። ስለዚህ የሕመሙ ብርታት ለፍርዱ ትክክለኛነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

በአብራሪነት ውድድር ሕመሙን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። ብዙዎች አብራሪነትን የሚመኙት ከልጅነታቸው ጀምሮ ነው፤ ቤተሰብና ጓደኛም «ፓይለቱ» እያለ ይጠራቸዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ሊንቪል በ1980ዎቹ እንዳሳየችው ማንነቱን በጥቂት ነገሮች ላይ ብቻ የገነባ ሰው በአንዱ ሲወድቅ ስሜቱ ይበልጥ ይናጋል። አብራሪ የመሆን ህልም ያለው ሰው ወንድም፣ እህት፣ ጎረቤት፣ አስተማሪ ወይም የእግር ኳስ ተጫዋች መሆኑን እንዳይዘነጋ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ቃለ መጠይቁ የሚለካውና የማይለካው

በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ የሠራተኛ መምረጫ ዘዴዎችን እንደገና መርምረው ነበር። ለሁሉም አመልካች ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦለት በተመሳሳይ መስፈርት ነጥብ የሚሰጥበት ቃለ መጠይቅ ከመምረጫ ዘዴዎች ሁሉ ከፊት ተሰልፎ ተገኘ። ሆኖም ከኋለኛው የሥራ ውጤት ጋር ያለው ቁርኝት 0.42 ገደማ ነው፤ ፍጹም ትንበያ ቢሆን ኖሮ 1 ይሆን ነበር። እንደመጣ የሚካሄደው ቃለ መጠይቅ ደግሞ 0.19 ገደማ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የተሻለው ዘዴ እንኳ ስለ አመልካቹ የወደፊት ብቃት አብዛኛውን ሳይናገር ይቀራል።

አየር መንገዶች ይህን እያወቁ ወንፊቱን ማጥበባቸው ከኃላፊነታቸው የመጣ ነው። ደካማ አብራሪ መቅጠር የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል፤ ጎበዝ አብራሪ መመለስ ግን ለድርጅቱ የሚያስከትለው ጉዳት አነስተኛ ነው፤ በቦታው ሌላ ጎበዝ ያገኛል። በሁለቱ ስሕተቶች መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት ሲኖር ጠንቃቃ መራጭ ብዙ ብቁዎችን መመለሱ አይቀርም። ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ብዙ ብቁ ሰዎች ይመለሳሉ።

አንዳንዴ ጥፋቱ ከነጭራሹ የመራጩ ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ማርሎን ግሪን የአየር ኃይል አብራሪ ነበር። በ1957 ለኮንቲኔንታል አየር መንገድ ሲያመለክት ዘሩን የሚጠይቀውን ቦታ ባዶ ተወው። ለምዘና ተጠርቶ ቀረበ፤ ከእርሱ ያነሰ የበረራ ሰዓት ያላቸው ነጮች ሲቀጠሩ እርሱ ተመለሰ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1963 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ለእርሱ ፈረዱ። በ1965 በዚያው አየር መንገድ ሥራ ጀምሮ እስከ 1978 በረረ። የ1957ቱ «አይሆንም» ስለ ግሪን ችሎታ የተናገረው አንዳች ነገር አልነበረም።

ከውድቀቱ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገው ሕመሙን ማስታገስ ነው። በ1994 ስቴፋኒ ስፔራ፣ ኤሪክ ቡርፋይንድና ጄምስ ፔንቤከር ከሥራ በተሰናበቱ 63 ባለሙያዎች ላይ ያደረጉት ጥናት እዚህ ይጠቅማል። ስለ ስንብቱ የሚያስቡትንና የሚሰማቸውን ለተከታታይ ቀናት በግልጽ የጻፉት ከሌሎቹ ቀድመው ሥራ አገኙ። ይህም የሆነው ከሌሎቹ የበለጠ ማመልከቻ ስላስገቡ አልነበረም። ምናልባት ንዴታቸውን ወረቀት ላይ አራግፈው ወደ ቀጣዩ ቃለ መጠይቅ ቀለል ብሏቸው ገብተው ይሆናል።

ሕመሙ ጋብ ሲል ምርመራው ይጀመር። አብራሪዎች ለዚህ የሚሆን ልምድ ቀድሞውኑ አላቸው፦ ከእያንዳንዱ የሲሙሌተር ልምምድ በኋላ የሚደረገው ዲብሪፊንግ። በዚያ የሚጠየቀው ምን እንደተደረገ፣ ለምን እንደተደረገና ቀጥሎ ምን እንደሚለወጥ ነው። የተጠየቁትን ጥያቄዎች ከአእምሮ ሳይጠፉ መጻፍ፣ የተደናቀፉበትን መለየት፣ ድርጅቱ አስተያየት ይሰጥ እንደሆነና ድጋሚ ለማመልከት ስንት ጊዜ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ በትሕትና መጠየቅ ይገባል። ከዚያ ሊታረም የሚችለውን ከማይታረመው መለየት ነው። የንድፈ ሐሳብ ክፍተት በንባብ ይሞላል፤ በሲሙሌተር የላላ እጅ በልምምድ ይጠነክራል፤ ጥቅል የነበረ መልስ በራስ የሥራ ገጠመኝ ይበለጽጋል። የቦታው ማነስ ግን በአመልካቹ እጅ አይደለም።

ሆሴ ኤርናንዴዝ ያደረገው ይህንኑ ነው። የናሳ ጠፈርተኛ ለመሆን አመልክቶ 11 ጊዜ ተመልሷል። የተመረጡት ሰዎች እርሱ የሌለው ምን እንዳላቸው መረመረ፤ አውሮፕላን ማብረር ተማረ፣ የውኃ ውስጥ ጠለቃ ተማረ፣ ሩሲያኛ አጠና። በ2004 ተመረጠ፣ በ2009 ወደ ጠፈር ወጣ። ደጋግሞ ያመለከተው በየመካከሉ የጎደለውን እየሞላ ነው።

ኀዘኑ ከሁለት ሳምንት አልፎ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከነሣ፣ ወይም ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ ከመጣ ግን ሳይዘገዩ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። «የጤና ምስክር ወረቀቴን ያበላሽብኛል» በሚል ፍርሃት ዝም ማለት በጊዜ ሊታከም የሚችለውን ችግር ያባብሰዋል።

ለቤተሰብና ለወዳጅም የሚቀር ድርሻ አለ። ኢሜይሉ በደረሰ ዕለት «ለበጎ ነው» ማለት ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ያዘነውን ሰው ንግግር ይዘጋበታል። መገፋት ያመመውን ሰው የሚያክመው በሌላ ቦታ ተፈላጊ ሆኖ መገኘት ነው። አብሮት መብላት፣ ሳያቋርጡ ማዳመጥ፣ «ምን ጠየቁህ?» ብሎ ታሪኩን ማስጨረስ ከማንኛውም ምክር ይቀድማል። ምክሩ ለሁለተኛው ሳምንት ይቆይለት።