ምርኩዝ ሲረዝም ዝላይ ይጨምራልን?

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ የሴቶች የምርኩዝ ዝላይ ፍጻሜ በመካሄድ ላይ ሳለ ብራዚላዊቷ ፋቢያና ሙሬር በሜዳው ዳር ወዲያና ወዲህ ስትመላለስ ታየች። ለውድድሩ ካዘጋጀቻቸው ምርኩዞች አንዱ የለም። ፈለገች፤ አስፈለገች፤ ግን አልተገኘም። በመጨረሻም ባላሰበችው ምርኩዝ ለመዝለል ተገደደች። 4.65 ሜትሩን ማለፍ ተስኗት በ4.45 ሜትር 10ኛ ሆና ጨረሰች። በዚያው ምሽት ሩሲያዊቷ የለና ኢሲንባየቫ 5.05 ሜትር ዘልላ የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለች።

ሙሬር ሌሎች ምርኩዞች ነበሯት። ታዲያ አንዱ ቢጠፋ በሌላው መዝለል ለምን አቃታት? ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ የአትሌቲክስ ደንብ የምርኩዝን ርዝመትም ሆነ የሚሠራበትን ቁስ አለመገደቡ ነው። አንድ ዘላይ የ7 ሜትር ምርኩዝ ይዞ ቢቀርብ የሚከለክለው የለም። ይሁንና የዓለም ምርጥ ወንዶች የሚይዙት ከ5 እስከ 5.20 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምርኩዝ ርዝመትና የአዘላለል ዘዴ እንዴት እንደሚተሳሰሩ እንመለከታለን።

ከፍታው ከየት ይመጣል?

ምርኩዝ በራሱ ጉልበት አያመነጭም። ሥራው ዘላዩ በሩጫ ያጠራቀመውን የእንቅስቃሴ ጉልበት ተቀብሎ ወደ ከፍታ መለወጥ ነው። ይህን በቀላል ስሌት ማየት እንችላለን። የእንቅስቃሴ ጉልበት በሙሉ ወደ ከፍታ ቢለወጥ የሰውየው ክብደት ከስሌቱ ይወጣል፤ የሚቀረው ፍጥነትና የመሬት ስበት ብቻ ነው። ፍጥነትን በሜትር በሴኮንድ ለክተን፣ በራሱ አባዝተን፣ ለ19.6 ብናካፍለው ከፍታውን በሜትር እናገኛለን።

በሴኮንድ 10 ሜትር የሚሮጥ ዘላይ እንውሰድ። 100 ለ19.6 ሲካፈል 5.1 ሜትር ይሆናል። የቆመ ሰው የክብደት ማዕከል ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ድምሩ ወደ 6.1 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነቱ 9 ሜትር በሴኮንድ ከሆነ ግን ድምሩ ከ5.1 ሜትር ብዙም አያልፍም። በዚህ የፍጥነት መጠን ላይ የአንድ አሥረኛ ሜትር በሴኮንድ ልዩነት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያስገኛል ወይም ያሳጣል ማለት ነው።

እውነተኛው ዝላይ ከዚህ ስሌት በሁለት ነገር ይለያል። በመነሻው ቅጽበት የተወሰነ ጉልበት ይባክናል፤ በአየር ላይ ደግሞ ዘላዩ በክንዱ፣ በትከሻውና በሆዱ ጡንቻዎች ተጨማሪ ጉልበት ይሰጣል። የአዘላለል ዘዴ የሚባለውም የመጀመሪያውን መቀነስና ሁለተኛውን መጨመር ነው።

የርዝመት ዋጋ

የምርኩዙ ጫፍ የሚተከልበት ሳጥን ከሜዳው 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ዘላዩ ምርኩዙን በ5 ሜትር ላይ ከያዘ፣ ምርኩዙ ቀጥ ብሎ ሲቆም እጁ 4.80 ሜትር ላይ ይደርሳል። ከፍ አድርጎ መያዝ ጥቅም እንዳለው ከዚህ መረዳት አያዳግትም።

ጉዳቱ ያለው በመነሻው ላይ ነው። ከመሬት ሊነሳ ያለ ዘላይ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ 2.30 ሜትር ይደርሳል እንበል። የሳጥኑን ጥልቀት ስንጨምር 2.50 ሜትር ይሆናል። በ4.50 ሜትር ላይ የተያዘ ምርኩዝ በዚህ ጊዜ ከመሬት ጋር ወደ 34 ዲግሪ ማዕዘን ይሠራል፤ በ5 ሜትር ላይ የተያዘው 30 ዲግሪ፣ በ6.50 ሜትር ላይ የተያዘው ደግሞ 23 ዲግሪ ያህል ብቻ ይሆናል። ማዕዘኑ ባነሰ ቁጥር ምርኩዙ የሯጩን ግስጋሴ ፊት ለፊት ይገታል፤ ቀጥ ብሎ ለመቆምም የሚቀረው መንገድ ይረዝማል። የ7 ሜትር ምርኩዝ የማይጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። የሚገኘውን ከፍታ የሚወስነው ዘላዩ ይዞት የመጣው ጉልበት ሲሆን ያለ ልክ የረዘመ ምርኩዝ ከዚያው ላይ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ቀጥ ብሎ ከመቆሙ በፊት ግስጋሴው ካለቀ ደግሞ ዘላዩን ወደ መጣበት ይመልሰዋል፤ ያ የሚወድቅበትም ፍራሽ የሌለበት የመሮጫ ሜዳ ሊሆን ይችላል።

መጉበጥ ያመጣው ለውጥ

አሜሪካዊው ኮርኒሊየስ ዋርመርዳም እ.ኤ.አ. በ1942 በቀርከሃ ምርኩዝ 4.77 ሜትር ዘለለ። ዶን ብራግ በ1960 በብረት ምርኩዝ የደረሰበት 4.80 ሜትር ነበር። በ18 ዓመት የተጨመረው 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በ1961 ጆርጅ ዴቪስ በፋይበርግላስ ምርኩዝ 4.83 ሜትር ዘለለ፤ በ1963 ጆን ፔኔል 5.20 ሜትር ደረሰ። በሁለት ዓመት 37 ሳንቲ ሜትር!

ምስጢሩ ምርኩዙ መጉበጡ ነው። የጎበጠ ምርኩዝ ከሳጥኑ እስከ እጅ ያለውን ቀጥተኛ ርቀት ያሳጥራል፤ 5 ሜትር የነበረው ለቅጽበት ከ4 ሜትር በታች ይሆናል። አጭር ነገር ደግሞ ከረጅም ይልቅ በቀላሉ ይዞራል። ምርኩዙ ወደ ላይ ከዞረ በኋላ ተመልሶ ሲቃና ያጠራቀመውን ጉልበት ለዘላዩ ይመልሳል። ዘላዩ ሲነሳ አጭር፣ ሲጨርስ ረጅም ምርኩዝ አገኘ ማለት ነው። ስለሆነም እጁን ከቀድሞው ከፍ አድርጎ መያዝ ቻለ። አሸዋውን የተካው ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽም ከዚያ ከፍታ በደኅና መውደቅን አስችሎታል።

ግትርነትን መምረጥ

መጉበጥም ልክ አለው። ሁለት ጫፉ በመጻሕፍት ላይ ባረፈ የፕላስቲክ ማስመሪያ መካከል ላይ ትንሽ ክብደት እናስቀምጥ። በመጻሕፍቱ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ማስመሪያው የሚጎብጠው ስምንት እጥፍ ነው። በዚሁ ሕግ መሠረት 4.90 ሜትር የነበረ ምርኩዝ ውፍረቱና ቁሱ ሳይለወጥ ወደ 5.20 ሜትር ቢረዝም በ20 በመቶ ያህል የበለጠ ይጎብጣል። በመሆኑም እጁን ከፍ አድርጎ የሚይዝ አትሌት የበለጠ ግትር ምርኩዝ ያስፈልገዋል። አምራቾች በእያንዳንዱ ምርኩዝ ላይ ርዝመቱንና ሊሸከመው የሚችለውን የዘላይ ክብደት የሚጽፉትም ለዚህ ነው።

ምርኩዙ ከዘላዩ ጉልበት ይልቅ ግትር ከሆነ ሳይጎብጥ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ከተገቢው በላይ ከለሰለሰ ደግሞ እጅግ ጎብጦ፣ ዘግይቶ ይቃናል፤ ዘላዩን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ፊት ይወረውረዋል። አትሌቶች የተለያየ ግትርነት ያላቸውን በርካታ ምርኩዞች ይዘው የሚጓዙትና አግዳሚው ዘንግ ከፍ ሲል ወደ ግትሩ የሚሸጋገሩት ይህን ሚዛን ለመጠበቅ ነው።

ዘዴ ከምርኩዝ ሲልቅ

ዩክሬናዊው ሰርጌይ ቡብካ እ.ኤ.አ. በ1985 በፓሪስ 6 ሜትርን በመዝለል የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በዘመኑም የዓለምን ክብረ ወሰን በአዳራሽና በሜዳ በድምሩ 35 ጊዜ አሻሻለ። ከአሠልጣኙ ከቪታሊ ፔትሮቭ ጋር ያዳበረው ዘዴ ምርኩዙ በሳጥኑ ግድግዳ ላይ አርፎ መጉበጥ ከመጀመሩ በፊት ከመሬት መነሳት ነበር። እጆቹን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ስለሚነሳ የምርኩዙ ማዕዘን ያድጋል፤ በመነሻው የሚባክነውም ጉልበት ይቀንሳል። ከዚያ ቀጥ ባለ እግሩ ተወዛውዞ፣ ምርኩዙ ሲቃና እግሩን ሽቅብ፣ ራሱን ቁልቁል አድርጎ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከሁለት ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው።

ስዊድናዊው አርማንድ ዱፕላንቲስ በሴፕቴምበር 2025 በቶኪዮ 6.30 ሜትር ዘልሏል። 5.20 ሜትር የሚረዝም ምርኩዝ ጫፉ ላይ ቢያዝ እንኳ እጅን የሚያደርሰው 5 ሜትር ድረስ ነው። ቀሪው 1.30 ሜትር የዘላዩ ፍጥነትና ዘዴ ውጤት ነው። ከቡብካ ዘመን ወዲህ የምርጦቹ ምርኩዝ ርዝመት ብዙም አልጨመረም፤ የዱፕላንቲስ የመንደርደሪያ ፍጥነት ግን በሴኮንድ ከ10 ሜትር በላይ ነው።

አሁን ወደ ሙሬር እንመለስ። በቤጂንግ የጠፋባት ለፍጥነቷ፣ ለክብደቷና ለአያያዟ ተመጥኖ የተመረጠ መሣሪያ ነበር። ሌላው ምርኩዝ የራሱን ፍጥነትና የራሱን አያያዝ ይጠይቃል፤ ያን ለማስተካከል ደግሞ በፍጻሜ ውድድር መካከል ጊዜ የለም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2011 በደቡብ ኮሪያ ዴጉ፣ ሙሬር 4.85 ሜትር ዘልላ የዓለም ሻምፒዮና ሆነች።