ባዶ ወንበር እስኪገኝ

በ2016 ዓ.ም. ረመዷን 30 ሞልቶ ዒድ አልፈጥር ረቡዕ ሚያዝያ 2 ዋለ። በ2017 ደግሞ ወሩ 29 ላይ አብቅቶ ዒዱ እሑድ መጋቢት 21 ሆነ። ይህች የአንድ ቀን ልዩነት ቤቱ ለተቀመጠ ሰው በጉን አንድ ቀን ቀደም ብሎ ከመግዛት አታልፍም። የአውሮፕላን ትኬት ለቆረጠ ሰው ግን ሌላ ነው። ትኬቱ የሚቆረጠው ከቀናት በፊት ሲሆን ጨረቃዋ የምትጠበቀው በ29ኛው ቀን ማታ ነው።

እኔም በ2017 በዚሁ ተያዝኩ። በልጅነቴ ቁርአን ያስቀሩኝ ሼኽ ወደ አኼራ ሄደው ለቅሶ ልደርስ ድሬዳዋ ወረድኩ፤ መመለሻዬን እሑድ ጧት አደረግኩት። «አምና 30 ሞልቷል፣ ዘንድሮም ይሞላል» ብዬ ነው። ወሩ 29ም 30ም እንደሚሆን ለልጆች ሳስተምር የኖርኩት እኔው ነኝ እንግዲህ! ቅዳሜ፣ ረመዷን 29፣ ሱሑር በልቼ ስቀመጥ ነገሩ ተገለጠልኝ። ጨረቃ ማታ ከታየች፣ ሱሉልታ ላይ ጀመዓው ለዒድ ሶላት ሲሰለፍ ኢማሙ አየር ላይ ነው።

ስልክ ደወልኩ። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው በረራ ሞልቷል። «ከፈለጉ አውሮፕላን ማረፊያው መጥተው ስታንድባይ ይጠብቁ» ተባልኩ።

ስታንድባይ ማለት ለዚያ በረራ የተረጋገጠ ወንበር ሳይኖርዎት ስምዎን አስመዝግበው፣ የሚቀር ሰው ካለ በእሱ ቦታ መሄድ ነው። «ሞልቷል» ሲባል ትኬቱ ተሽጦ አልቋል ማለት እንጂ ሰው ሁሉ መጥቷል ማለት አይደለም። መንገድ የሚዘጋበት፣ የሚታመም፣ ሐሳቡን የሚለውጥ ተሳፋሪ አይጠፋም። አየር መንገዶችም ይህን ስለሚያውቁ አንዳንዴ ካለው ወንበር በላይ ይሸጣሉ። በዒድ ሰሞን ግን የሚቀር ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ቤቱን ናፍቋል። በአገር ውስጥ በረራ የምናየው ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን ደግሞ የሚይዘው ሰባ ሰው ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስት ወንበር ቢከፈት ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ልጆች ይዞ ስታንድባይ የሚጠብቅ አባት ወንበር ለሁሉም ባይገኝ ማን እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚቀር ከባለቤቱ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር፤ በመስኮቱ ፊት የሚደረግ ሹራ ወደ ጭቅጭቅ ነው የሚያመራው።

ትልቁ ጥንቃቄ የመጀመሪያውን ትኬት አለመሰረዝ ነው። ቀኑን ለመለወጥ የሚጠየቀው ክፍያ እንደ ትኬቱ ዓይነት ስለሚለያይ አስቀድመው ይጠይቁ። የሚጫን ሻንጣ ባይኖርም ይመረጣል፤ እኔ አንዲት የእጅ ቦርሳ ብቻ ነበረችኝ። ስም ሲጠራ ያልተገኘ ሰው ተራው ያልፈዋል። ዙህርንና አስርን በጀምዕና በቀስር ሰግጄ ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጥኩትም ለዚሁ ነው።

ከዝርዝሩ ሦስተኛ ነበርኩ። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ቀድሞ በመምጣት ብቻ አይወሰንም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ነው፤ በዚያ ኅብረት ደንብ የሲልቨር ደረጃና ከዚያ በላይ ያለው ደንበኛ በስታንድባይ ቅድሚያ አለው። በሼባ ማይልስ ደረጃው ያደገ ሰው ቢቀድመኝ ቅር አይለኝም፤ አስቀድሞ የታወቀ ውል ነውና። ሊሸኘኝ የመጣው ዘመዴ ግን ሌላ መንገድ ነበረው። ጠጋ ብሎ «ሼኽ፣ የማውቀው ሰው አለ፤ ልደውልለት?» አለኝ።

አይሆንም ለማለት የሚገባኝን ያህል አልፈጠንኩም። ከሱሉልታ የሚጠብቀኝን ጀመዓ አሰብኩ፤ ለዲን ጉዳይ አይደል የምሄደው? ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መንገደኛ ጉዳዩን እንደፈጸመ ወደ ቤተሰቡ እንዲፈጥን መምከራቸውም ትዝ አለኝ። ግን እኚሁ ነብይ አንድ ሰው ሌላውን ከተቀመጠበት አስነሥቶ እንዳይቀመጥ ከልክለዋል። ከፊቴ ያሉት ሁለቱ ገና አልተቀመጡም፤ ተራው ግን ሐቃቸው ነው። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ቺካጎ ላይ ለአየር መንገድ ሠራተኞች ቦታ ለማግኘት አንድ አዛውንት ተሳፋሪ ከወንበሩ እየተጎተተ ሲወርድ በቪዲዮ አይተን ሁላችንም አዝነን ነበር። ስልክ ተደውሎ የሚነጠቅ ተራ ግን ቪዲዮ የለውም፤ የተነጠቀውም ሰው አያውቅም። ዘመዴን «ተወው» አልኩት።

ሁለት ወንበር ተገኘ። አንደኛው ሕፃን ላቀፈች እናት ሆነ። ሁለተኛው ከፊቴ ለነበረው ወጣት ደረሰ። ጥምጣሜን አይቶ አመነታ፤ «ሼኽ፣ እርስዎ ይሂዱ?» አለኝ። ባለ ተራው ራሱ ሲሰጥ ስጦታ ነው፤ መቀበል ይቻላል። ለምን እንደቸኮለ ስጠይቀው ግን ሚስቱ ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ልጁን ገና አላየውም። «ሂድ፣ አላህ ያሳድግልህ» አልኩት።

ስለ ጾሙ የሚጠይቁኝ ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ በሰው አገር መንገደኛ ስለነበርኩ ማፍጠር ይፈቀድልኝ ነበር፤ ባልፈልግም። ከሱሉልታ ተነሥቶ ቦሌ ስታንድባይ የሚጠብቅ ሰው ግን ሁኔታው ሌላ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ጎህ ከቀደደ በኋላ ከአገሩ የወጣ ሰው የዚያን ቀን ጾም አይፈታም። ሐንበሊዮች ቢፈቅዱም ጉዞ ላለው ሰው ነው፤ ስታንድባዩ መሄዱ ራሱ ገና አልታወቀም። «እሄዳለሁ» ብሎ ውሃ ጠጥቶ፣ ወንበር አጥቶ ቤቱ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። የማታ በረራ የደረሰው ደግሞ ጾሙን የሚፈታው በመስኮት ፀሐይ መጥለቋን ሲያይ ነው፤ ከታች ባለው ከተማ ሰዓት አይደለም።

ማታ ጨረቃ መታየቷ ተነገረ። ለሙአዚናችን ደውዬ «ነገ አሰግድ» አልኩት፤ ደነገጠ። እሑድ ጧት ተክቢራውን በልቤ እያልኩ በረርኩ። ቦሌ ስወርድ በስታዲየሙ ዙሪያ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ታክሲው ዞረ። አዲሱ ገበያን አልፈን ሱሉልታ ስንገባ ሰዉ መስገጃውን በብብቱ ይዞ ይመለስ ነበር። ትንሿ ልጄ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ዒድ ሙባረክ አባዬ» አለችኝ። «ኹጥባው ዘንድሮ አጭር ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ወዶታል።»