ኩሬው ሞልቷል፣ አሳው ግን አላደገም፤ ለምን?

ባለፈው ዓመት ሦስት የማውቃቸው ልጆች ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ ባለች የወይና ደጋ ከተማ ተደራጅተው የአሳ ኩሬ ቆፈሩ። 200 ካሬ ሜትር ነው፣ ጂኦሜምብሬን ተነጥፎበታል። 400 የቆሮሶ ጫጩት ገዝተው ለቀቁበት። ፉርሽካ እያበሉ ስምንት ወር ጠበቁ። ከዚያ ውሃውን ቀንሰው መረብ ሲጎትቱ የወጣው አሳ 400 አይደለም፤ ሺህ ላይ ሲደርሱ መቁጠሩን ተዉት። ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር አይደል? ችግሩ አብዛኛው አሳ ከጣት አይበልጥም። ምግብ ቤት ይዘው ሄዱ፣ የሚገዛ ጠፋ። ጥቂቱን ጠብሰው በሉ፣ የቀረውን ለጎረቤት አደሉ።

እስካሁን የሚወቅሱት ጫጩቱን የሸጠላቸውን ሰውዬ ነው። “የማያድግ ዘር ሰጥቶ ሸወደን” ይላሉ። እኔም መጀመሪያ የመሰለኝ እንደዛ ነው። ስለ አሳ እርባታ የተሠሩ ጥናቶችን ማንበብ ስጀምር ግን ሌላ ነገር ገባኝ። በልጆቹ ላይ የደረሰው በብዙ ሀገር ቆሮሶን ባረቡ ሰዎች ላይ የደረሰ፣ ተመራማሪዎችም ለአሥርት ዓመታት ሲታገሉት የኖሩት ችግር ነው። መፍትሔውም ይታወቃል። ልጆቹ ጋ ግን ኩሬው ብቻውን ነው የደረሰው፣ እውቀቱ አብሮት አልመጣም።

ይሄን አሁን ማንሳት ያስፈለገኝ ኩሬ የሚቆፍረው ሰው ስለበዛ ነው። ህዳር 2015 የሌማት ትሩፋት አርባ ምንጭ ላይ ከተጀመረ ወዲህ አሳ ማርባት የብዙ ወጣቶች ሐሳብ ሆኗል። ቲክቶክ ላይ ስለዚህ የሚለቀቁ ቪዲዮዎችን አይታችሁ ይሆናል። እኔ ያየኋቸው በሙሉ የሚያልቁት ጫጩቱ ከፕላስቲክ ከረጢቱ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ነው። ከስምንት ወር በኋላ ያለውን የሚያሳይ አላጋጠመኝም።

ሐሳቡ ራሱ ትክክል ነው። እንደ ጫሞ ያሉ ሐይቆቻችን ላይ የማስገሩ ጫና በዝቷል፣ አስጋሪውም እንደ ድሮው አያገኝም። በዓለም ደረጃ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ እ.ኤ.አ በ2022 በእርባታ የተገኘው አሳና ሌላ የውሃ እንስሳ 94.4 ሚሊዮን ቶን ደርሶ ከተፈጥሮ ውሃ የተጠመደውን ለመጀመሪያ ጊዜ በልጧል። ግብፅ ብቻዋን በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ አሳ ታረባለች፤ ከዚህ አብዛኛው ያው የእኛው ቆሮሶ፣ በሌላ ስሙ ቲላፒያ ነው።

እና የልጆቹ አሳ ለምን አላደገም?

መልሱ ያለው እናትየዋ አፍ ውስጥ ነው። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ለቅማ አፏ ውስጥ ትይዘዋለች። እንቁላሉ እዚያው ይፈለፈላል፣ ጫጩቶቹም ራሳቸውን እስኪችሉ እዚያው ይቆያሉ። አሥር ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት። በዚያ ጊዜ እናትየዋ ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል። ከለቀቀቻቸው በኋላ ትንሽ በልታ ታገግምና፣ ውሃው ሞቅ ያለ ከሆነ ከአንድ ወር ወይም ከወር ተኩል በኋላ እንደገና ትጥላለች። የበላችው ሁሉ ወደ እንቁላል እንጂ ወደ ሥጋ አይሄድም። ወንዴው ይሄ ጣጣ ስለሌለበት ከእሷ በፍጥነት ያድጋል።

ሌላም አለ። ሐይቅ ውስጥ ቆሮሶ ተለቅ ካለ በኋላ ነው የሚራባው። ጠባብ ኩሬ ውስጥ ግን ገና ከ30 እስከ 50 ግራም እያለ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ልጆቹ የለቀቋቸው 400 ጫጩቶች በጥቂት ወር ውስጥ ወላጅ ሆኑ፣ ልጆቻቸውም ሊወልዱ ደረሱ። የሚገባው ፉርሽካ ያው ነው፣ ተመጋቢው ግን ሺህ አለፈ። በነገራችን ላይ ልጆቹ ሲጀምሩ የለቀቁት ብዛት ምንም ስህተት የለውም። አየር የሚነፋ ማሽን ለሌለው ኩሬ በካሬ ሜትር ሁለት አሳ ገደማ ተቀባይነት ያለው ቁጥር ነው። ያጠፋቸው በኋላ የተወለደው ነው።

ስለዚህ ምርምሩ አንድ ጥያቄ ላይ አተኮረ፤ ኩሬው ውስጥ ወንዴ ብቻ እንዲኖር ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው መንገድ በእጅ መለየት ነው። አሳው 20 ወይም 30 ግራም ሲሆን ተገልብጦ ሆዱ ሥር ይታያል። ወንዴው ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ሴቷ ሦስት። ቀላል ይመስላል፤ ሺህ አሳ ፊታችሁ ሲቀመጥ ግን ዓይን ይደክማል፣ ጥቂት ሴቶች ማምለጣቸውም አይቀርም። ጥቂት ሴት ደግሞ ኩሬ ለመሙላት ትበቃለች።

ሁለተኛውና በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ሆርሞን ነው። ገና የተፈለፈለ ጫጩት ፆታው በአካሉ ላይ አልጸናም። መብላት ከጀመረበት ቀን አንስቶ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ሜቲል ቴስቶስትሮን የተባለ ሆርሞን በጥቂቱ የተቀላቀለበት መኖ ከበላ፣ ሴት ሊሆን የነበረውም ወንዴ ሆኖ ያድጋል። እዚህ ጋ ሁሉም የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ “ታዲያ እኛ ሆርሞን ልንበላ ነው?” ጥናቶቹ የሚሉት እንዲህ ነው፦ ሆርሞኑ የሚሰጠው አሳው ከግራም በታች እያለ ነው፣ ካቆመ በኋላም በአጭር ጊዜ ከሰውነቱ ይወጣል። ለገበያ የሚደርሰው ደግሞ ከወራት በኋላ ስለሆነ የሚቀር ነገር አይገኝበትም። ትክክለኛው ስጋት ያለው ማስፈልፈያው ጋ ነው። ዱቄቱን ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል የሚያቦካው ሠራተኛ ላይ፣ እንዲሁም ሳይጣራ ወደ ወንዝ በሚለቀቀው ውሃ ላይ። ሰው የሚከራከረው ሳህኑ ላይ ስላለው አሳ ነው፤ እኔ ግን የሚያሳስበኝ ያ ሠራተኛ ነው።

ሦስተኛው በዘር ነው። እንደ ሰው ሁሉ የቆሮሶ ወንዴ ኤክስ እና ዋይ ክሮሞዞም አለው። ተመራማሪዎች በብዙ ትውልድ ማዳቀል ሁለቱም ዋይ የሆነ ወንዴ አወጡ። እሱ ከተራ ሴት ጋር ሲዳቀል ልጆቹ ከሞላ ጎደል ወንዴ ይሆናሉ፣ የሚበሉት አሳ ራሱ ሆርሞን አልቀመሰም ማለት ነው። አሪፍ ነው፤ ግን ዓመታትና ጥንቃቄ የተሞላበት መዝገብ ይፈልጋል።

አራተኛው ለኛ ሀገር በጣም የሚመች ይመስለኛል፦ አምባዛ። አምባዛ ሥጋ በል ነው። ቆሮሶው ያለበት ኩሬ ውስጥ ጥቂት አምባዛ ሲጨመር አዲስ የሚፈለፈሉትን ጫጩቶች እየለቀመ ይበላል፤ የቀሩት ቆሮሶዎች ያድጋሉ፣ በመጨረሻ ሁለቱም ይሸጣሉ። አንድ ጥንቃቄ አለው፤ አምባዛው ሲገባ ከቆሮሶው ያነሰ መሆን አለበት። ተለቅ ያለ አምባዛ ካስገባችሁ የሚጀምረው በገዛችሁት ጫጩት ነው።

ስለ ብዛት ካነሳን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቢሾፍቱ ኩሪፍቱ ሐይቅ ላይ የሠሩትና እ.ኤ.አ በ2008 የታተመ ጥናት አለ። ቆሮሶን ሐይቁ ላይ በተንሳፈፈ የመረብ ኬጅ ውስጥ አስገብተው ለ150 ቀን አሳደጉ። በአንድ ሜትር ኪዩብ 50፣ 100፣ 150 እና 200 አሳ አድርገው ነው ያወዳደሩት። እያንዳንዱ አሳ በደንብ ያደገው 50 ሆነው በተለቀቁበት ኬጅ ነው። በጠቅላላ ኪሎ ግን የታጨቀው ኬጅ በለጠ። እንግዲህ ጥያቄው “ስንት ኪሎ አወጣሁ” ብቻ አይደለም፤ ገበያው የሚቀበለው ስንት ግራም የሆነውን ነው? የሰፈራችሁ ምግብ ቤት ሙሉ አሳ ጠብሶ በሳህን የሚያቀርብ ከሆነ በትንንሽ አሳ የተሞላ ኬጅ ኪሳራ ነው።

ፆታው ቢስተካከልም የሚቀሩ ነገሮች አሉ። አንዱ ሙቀት ነው። ቆሮሶ የሚመቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውሃ ነው። ውሃው ወደ 20 ሲወርድ እድገቱ ይጎተታል፣ ከ16 እና 17 በታች ሲሆን መብላቱን እየተወ ይሄዳል። ስለዚህ አርባ ምንጭ ወይም ጋምቤላ በስድስት ወር የደረሰ አሳ፣ ወይና ደጋ ላይ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። አሠልጣኝ “በስድስት ወር ትሸጣላችሁ” ካላችሁ የየትኛው ቦታ ስድስት ወር እንደሆነ ጠይቁት። ኩሬ ከመቆፈር በፊት አንድ ቴርሞሜትር ገዝቶ በአካባቢው ያለ ኩሬ ወይም ግድብ ውስጥ ጠዋትና ከሰዓት ለጥቂት ሳምንት መለካት ከሁሉም የረከሰ ጥናት ነው።

ሌላው መኖ ነው። በአሳ እርባታ ከወጪው ግማሽ በላይ የሚሆነው ለመኖ የሚወጣው ነው። ልጆቹ ያበሉት ፉርሽካ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ ዝቅተኛ ነው፤ በማደግ ላይ ያለ ቆሮሶ ከመኖው 25 እስከ 30 በመቶ ፕሮቲን ይፈልጋል፣ ጫጩቱ ደግሞ ከዚያም በላይ። እዚህ አገር በምርምር ከሚሞከሩት አማራጮች የኑግ ፋጉሎና የቢራ ፋብሪካ አተላ ይገኙበታል። ናይሮቢ የሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔን የመሳሰሉ ተቋማት ደግሞ በምግብ ትራፊ ላይ የሚያድግ የዝንብ እጭ አድርቆ መኖ በማድረግ ላይ ይሠራሉ። ፋጉሎ ጥሩ ፕሮቲን አለው፣ ግን ገለባማ ስለሆነ ብቻውን አይሆንም፣ መቀላቀል አለበት። ቤት ውስጥ የሚሠራ መኖ ሌላም ችግር አለው፤ ይሰምጣል። አሳው በልቶት ይሁን ታች ሄዶ ይበስብስ አታውቁም። የበሰበሰው ደግሞ ወደ ሦስተኛው ጣጣ ይወስዳችኋል።

እሱም ኦክስጅን ነው። አረንጓዴ ውሃ ለቆሮሶ ጥሩ ነው፣ አረንጓዴ ያደረገው ደቂቅ አልጌ ራሱ ምግቡ ስለሆነ። ቀን ላይ አልጌው በፀሐይ ኦክስጅን ያመርታል። ማታ ግን እሱም እንደ አሳው ይተነፍሳል፣ ያጠራቀመውን መልሶ ይጨርሳል። ፍግና የተረፈ መኖ የበዛበት ኩሬ ውስጥ ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ኦክስጅኑ ሊያልቅ ይችላል። ማታ ደህና የነበረ አሳ ጠዋት ተንሳፎ የሚገኘው በዚህ ነው፤ ብዙ ሰው “ጎረቤት መርዝ ጨመረብኝ” የሚለውም ያኔ ነው። ምልክቱን ማወቅ ቀላል ነው፦ ጎህ ሳይቀድ ሄዳችሁ ስታዩ አሳው ሁሉ ከላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ ከሆነ መኖና ፍግ አቁሙ፣ ንጹህ ውሃ ጨምሩ። ሌላ መለኪያም አለ። ክንዳችሁን እስከ ክርናችሁ ውሃ ውስጥ ንከሩ። መዳፋችሁ እዚያ ላይ ሲደርስ የሚጠፋ ከሆነ ውሃው ልክ ነው። ገና ሳይደርስ ከጠፋ ውሃው ከመጠን በላይ ወፍሯል። አምባዛ ከአየር ላይም መተንፈስ ስለሚችል ይሄን ሁሉ ይቋቋማል።

አሁን ወደ ዘሩ ልመለስ፣ ምክንያቱም ልጆቹ “የማያድግ ዘር” ሲሉ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። እ.ኤ.አ በ1988 ፊሊፒንስ ውስጥ ጊፍት የተባለ ፕሮጀክት ተጀመረ። ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የዱር ቆሮሶ ተወስዶ እስያ ውስጥ ሲረባ ከነበረው ጋር ተዳቀለ። በየትውልዱ ፈጥኖ ያደገው እየተመረጠ ወላጅ ተደረገ። ከጥቂት ትውልድ በኋላ አሳው ከመነሻው ከ80 በመቶ በላይ ፈጥኖ ማደግ ጀመረ። የማንም ጂን አልተቀየረም፣ ገበሬ ጥሩ በሬ መርጦ እንደሚያስጠቃው ነው።

ታዲያ ለምን አናመጣውም? ይሄ ጥያቄ ቀላል መልስ የለውም። ባለቤቶቹ ራሳቸው ለዓመታት ጊፍትን ወደ አፍሪካ ላለመመለስ ይጠነቀቁ ነበር። የቆሮሶ የዱር ዘር ያለው እዚህ ነው። የጣና ቆሮሶ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ተብሎ ተመዝግቧል፤ የአዋሽ ተፋሰስም የራሱ አለው። ከውጭ የመጣ አሳ አንድ ክረምት ጎርፍ ኩሬውን ሲያጥለቀልቀው ወደ ሐይቅ ይገባና ይዳቀላል፤ ከዚያ በኋላ መለየት አይቻልም። በሽታም አለ። ቲላፒያ ሌክ የሚባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ በ2014 ከእስራኤል ሪፖርት ከተደረገ በኋላ በብዙ ሀገራት ተገኝቷል፤ ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ ከአገር አገር የሚጓዝ ጫጩት ነው። ግብፅ “አባሳ”፣ ጋና ደግሞ “አኮሶምቦ” የሚባሉ ዝርያዎችን ከራሳቸው አሳ መርጠው አውጥተዋል። እኔ ይሄኛው መንገድ ነው የሚሻለው ባይ ነኝ፤ ሰበታ ያለው ብሔራዊ የአሳ ምርምር ማዕከል የሚገኝበት ሀገር የሐይቆቹን ዘር አወዳድሮ መምረጥ አያቅታትም። ጊዜና ቋሚ በጀት ይፈልጋል ብቻ።

እስከዚያው ልጆቹ ሁለተኛ ሊሞክሩ ነው። ኩሬው አለ፣ ጂኦሜምብሬኑ አልተቀደደም። አንድ ሌላ ጫጩት ሻጭ ጋ ስልኩን ላውድ ላይ አድርገው ሲደውሉ አብሬያቸው ነበርኩ። ወንዴ ብቻ ነው ወይስ የተቀላቀለ? “የተቀላቀለ ነው፣ ችግር የለውም” አላቸው። ወላጆቹ ከየት የመጡ ናቸው? “ከሐይቅ።” ከየትኛው ሐይቅ? ትንሽ ዝም አለና “ጠይቄ ልደውልላችሁ” አለ። ይሄን ስጽፍ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፣ ገና አልደወለም።