ሎተሪና ካሣ ግብር አለባቸው ወይ?

በሰው እጅ የሚገባ ገንዘብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ትርፍ ነው፤ ሌላው የጠፋ ነገር መተኪያ ነው። የግብር ሕግም ሁለቱን ለይቶ ያያል።

ሎተሪ የደረሰው ሰው ያልነበረውን አገኘ። ስለዚህ ግብር አለበት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከ100 ብር 15 ብር እንዲቀነስ ደነገገ። ለምሳሌ በዚያ ልክ ከ20,000 ብር 3,000 ብር ይቆረጥ ነበር፤ ባለ ዕድሉ 17,000 ብር ይወስድ ነበር ማለት ነው። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለ ተሻሻለ፣ የዛሬውን ልክ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነው።

ግብሩን ቀንሶ የሚያስቀረው ሎተሪውን የሚከፍለው ክፍል ነው። «ሎተሪ ደርሶሃል፤ መጀመሪያ ግብሩን ላክ» የሚል ሰው ቢመጣ አታላይ ነው።

ካሣስ? መኪና ገጭቶት እግሩ ለተሰበረ ገበሬ ፍርድ ቤት ካሣ ቢፈርድለት፣ ምን አተረፈ? እግሩን አይደለም ወይ ያጣው? ስለዚህ አዋጁ ለአካል ጉዳትና ለሞት የሚከፈለውን ካሣ ከግብር ነጻ አድርጎታል።

ነገር ግን በፍርድ የተገኘ ሁሉ ነጻ አይደለም። ያልተከፈለ ደመወዝ በፍርድ ቢገኝ፣ ያው ደመወዝ ነው።

እንግዲህ ገንዘብ ስንቀበል «ይህ የምን ገንዘብ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ወረቀቱንም አንብበን እንፈርም።