ጥርጣሬ ሲለካ፦ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሳይንሳዊ ስምምነትና ስለ ተጠራጣሪዎቹ



ከዛሬው ርእሳችን ጋር ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ሳይንስ ከመቼ ወዲህ ነው በድምፅ ብልጫ የሚወሰነው?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምድር በሰው ልጅ ሥራ እየሞቀች መሆኗን ሊቃውንት ስለ ተስማሙበት ብቻ እንድትቀበሉ አልጠይቃችሁም። ስምምነቱ በምን መንገድ እንደ ተገኘ ግን መመርመር ይገባናል። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

በ1896 ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ በስሌት አሳየ። ብዙም ሳይቆይ የአገሩ ልጅ ክኑት ኦንግስትረም ተቃወመው። በ1900 ያሳተመው ሙከራ ቀላል ነበር፤ በጋዙ በተሞላ ቱቦ ውስጥ የሙቀት ጨረር ተላለፈ፤ የጋዙ መጠን ሲለወጥ የሚያልፈው ጨረር እምብዛም አልተለወጠም። እንግዲህ በአየር ውስጥ ያለው ጋዝ ሊውጥ የሚችለውን ጨረር አስቀድሞ ውጦታል፤ ተጨማሪ ቢመጣ የሚሠራው ሥራ የለውም ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ተቃውሞው በመሣሪያ የተደገፈ ነበር። ብዙ ሊቃውንትም ለአሥርት ዓመታት ጉዳዩን እንደ ተዘጋ ቆጠሩት።

ስሕተቱ ከባቢ አየርን እንደ አንድ ቱቦ መቁጠሩ ላይ ነበር። ከምድር ገጽ የሚነሣው ሙቀት በአንድ ዝላይ ወደ ጠፈር አይወጣም። አንዱ የአየር ንጣፍ ውጦ መልሶ ይረጨዋል፤ ከበላዩ ያለውም እንዲሁ፤ በመጨረሻ አየሩ ከሳሳበት ከፍታ ሲደርስ ያመልጣል። ጋዙ ሲበዛ ይህ የማምለጫ ከፍታ ወደ ላይ ይሸሻል። ደጋው ከቆላው እንደሚበርድ ሁሉ ከፍ ያለው አየርም ይበልጥ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀዝቃዛ አካል ደግሞ የሚረጨው ሙቀት ያነሰ ነው። ከፀሐይ የሚገባው ሳይቀንስ የሚወጣው ይቀንሳል፤ ሚዛኑ እስኪመለስም ምድር ትሞቃለች። በ1950ዎቹ አጋማሽ ጊልበርት ፕላስ ጨረሩን ንጣፍ በንጣፍ በኮምፒዩተር አስልቶ ተጨማሪው ጋዝ ሥራ እንዳለው አሳየ። እኔ ኦንግስትረምን እንደ ባለውለታ እቆጥረዋለሁ፤ በመሣሪያ ተሳሳተ፣ በመሣሪያም ታረመ።

«መንሥኤዋ ፀሐይ ናት» የሚለውም በተመሳሳይ መንገድ ተፈትኗል። ፀሐይ በርትታ ቢሆን ኖሮ የከባቢ አየሩ ታችኛውም ላይኛውም ክፍል በሞቀ ነበር። ስዩኩሮ ማናቤና ሪቻርድ ዌዘራልድ ግን በ1967 ባወጡት ስሌት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ታችኛው እንደሚሞቅ፣ ስትራቶስፌር የሚባለው ላይኛው ክፍል እንደሚቀዘቅዝ ተንብየዋል። ኋላ የተለካውም ይኸው ነው።

በዘመናችን ደግሞ የበርክሌዩ የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ሙለር አለ። የሙቀት መዛግብቱ በከተሞች መስፋፋትና በጣቢያዎች ጥራት ጉድለት ተዛብተው እንዳይሆን ተጠራጠረ። ከገንዘብ ሰጪዎቹ አንዱ የቻርልስ ኮክ ፋውንዴሽን ስለ ነበር ከተጠራጣሪዎቹ ወገን ብዙዎች ውጤቱን በጉጉት ጠበቁ። በ2011 ሙቀቱ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ በ2012 ሙለር ራሱ መንሥኤው ከሞላ ጎደል በሙሉ ሰው ነው ብሎ ጻፈ። ከጠበቁት መካከል ግን ውጤቱን ያልተቀበሉ ነበሩ። ተጠራጣሪንና ካጂን የምለየው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ ስለሚጠቀሰው 97 በመቶም ጥቂት ልበል። በ2013 የታተመው የጆን ኩክና የባልደረቦቹ ጥናት ወደ 12,000 የሚጠጉ የጥናት አኅጽሮቶችን መረመረ። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ስለ መንሥኤው አቋም አልገለጹም፤ 97 በመቶ የተባለው ከገለጹት ውስጥ ነው። ይህን አንሥቶ መተቸት ይቻላል። ሆኖም ዛሬ ስለ ወባ የሚጽፍ ተመራማሪ በሽታው በትንኝ እንደሚተላለፍ ሲሟገት አይታይም፤ ዝምታው ጥርጣሬ አይደለም።

አሁን ወደ እኛ ደጅ ልምጣ፤ እዚህ ያለው ጥርጣሬ ገና አልተፈታም። አብዛኞቹ የአየር ንብረት ሞዴሎች ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ እንደሚጨምር ይተነብያሉ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ የተለካው ግን በአመዛኙ ቀንሷል። ይህ የእኛን በልግ ይነካል። በልጉ ሲቀር ቶሎ የማይደርሱት ማሽላና በቆሎ በወቅታቸው አይዘሩም፤ በልግ አምራች በሆኑት የወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋዎችም ገብሱ ይቀራል። ልዩነቱ ከየት መጣ? አንዳንዶች ከውቅያኖሶች ተፈጥሯዊ ውጣ ውረድ ነው ይላሉ፤ ሌሎች የሕንድና የምዕራብ ፓሲፊክ ውቅያኖሶች መሞቅ ነው ይላሉ፤ ሞዴሎቹ ራሳቸው ውቅያኖሶቹን አሳስተው እንደሚስሉ የሚያሳዩም አሉ።

ምድር መሞቋና ሰው መንሥኤ መሆኑ በዚህ ክርክር አይናወጥም። ዝናቡ ባይቀንስ እንኳ የጨመረው ሙቀት የአፈሩን እርጥበት ቶሎ ያደርቃል። ለገበሬው የምንነግረው ግን በእርግጥ ይለወጣል፤ በልጉ የሚመለስ ከሆነ አንድ ዓይነት ዘር፣ የማይመለስ ከሆነ ሌላ ዓይነት ዘር ያስፈልገዋል። የአገራችን የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች ደግሞ በአብዛኛው በከተሞችና በዋና መንገዶች ዳር የተሰባሰቡ ናቸው። ከመንገዱ ርቆ ያለው ቆላ ስንት ዝናብ እንደ ጣለበት ለማወቅ ከሳተላይት ግምት ጋር እያስተያየን እንሠራለን፤ የሁለቱ ልዩነት ሰፊ የሆነባቸውን ወረዳዎች በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ በካርታ አሳያችኋለሁ።