የግብጦ ምሬት

ግብጦ በጎጃም፥ በአገው ምድርና በደቡብ ጎንደር የሚዘራ የጥራጥሬ ወገን ነው። ከአየር ናይትሮጅንን ስለሚስብ፥ ሥሩም በአፈር ውስጥ የታሰረውን ፎስፎረስ ስለሚፈታ፥ ሌላው አዝመራ በሚቀጭጭበት በደከመ መሬት ላይ እንኳ ይበቅላል። ከፍሬው ክብደት ሢሶ የሚያህለው ፕሮቲን ነው።

ይሁን እንጂ ፍሬው እንደተወቃ አይበላም። ሉፓኒንና መሰሎቹ አልካሎይዶች መራራ ያደርጉታል፤ ሳይዘጋጅ የበላውንም ሰው ያዞሩታል፥ ዓይኑን ያደበዝዙበታል፥ አፉንም ያደርቁበታል። ስለዚህ የቤቱ እመቤት ግብጦውን ቆልታ ወይም ቀቅላ፥ በጆንያ ከትታ በወንዝ ውሃ ለብዙ ቀናት ትዘፈዝፈዋለች። የሚፈሰው ውሃ ምሬቱን እያጠበ ይወስደዋል፤ መጣፈጡም የሚታወቀው በምላስ ነው። ከዚያ በኋላ ተልጦ እንደ ቆሎ ይበላል። ከግብጦ አረቄም ይወጣል።

በጀርመን አገር ራይንሆልድ ፎን ዜንግቡሽ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ማብቂያ ከግብጦ ወገኖች መካከል ምሬታቸው የቀነሰውን መርጦ አወጣ። ይህም የማዘጋጀቱን ድካም የሚያቀል ነው። ነገር ግን ምሬት ለተክሉ አጥሩ ነው፤ እንስሳና ተባይ የሚርቁት በእርሱ ነው። ደግሞም መራራነት በውርስ ጣፋጭነትን ስለሚያሸንፍ፥ ሁለቱ ተጎራብተው ከተዘሩ ንቦች ያዳቅሏቸዋል፤ የጣፋጩም ዘር ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ምሬት ያዘነብላል። ያን ጊዜ ጣፋጭ ነው ብሎ መዘፍዘፉን የተወ ቤት ለአደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ አዲሱ ዘር ቢገባ እንኳ፥ የሴቶቹ ዕውቀት ከዘሩ ጋር አብሮ ሊጠበቅ ይገባዋል።